መልስ የማያገኝ ሪፍሌክሽን፦ የመምህራን ሥልጠናና ሂሳዊ አስተሳሰብ ከዲላ ሲታይ

በመምህራን ሥልጠናችን ውስጥ የሪፍሌክሽንን፣ ማለትም የገዛ ማስተማርን መለስ ብሎ የመመርመርን ያህል የተወደሰ፣ የዚያኑ ያህልም ሳይመረመር የቀረ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያው ቴሶ የሥልጠና ሥርዓቱን ሲለውጥ፣ የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራሙ ኤችዲፒ አሠልጣኞቹን ራሳቸውን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ከ2003 ወዲህም የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማው ፒጂዲቲ ሲተካ የተያዘው ተስፋ አንድ ነበር፤ የገዛ ሥራውን የሚመረምር መምህር ማፍራት። ዛሬ በዚህ ተስፋ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው የሰልጣኙ ሪፍሌክሽኖች የሚጠራቀሙበት ፖርትፎሊዮ ከተሟላ ተስፋው ሠምሯል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ መሆናቸው ከተገለጸ ወዲህ እየጎላ የመጣ ነው፤ መምህሩ መጀመሪያ ትምህርቱን ይወቅ፣ ሪፍሌክሽን ቅንጦት ነው ይላል። ሁለቱም ፍርዶች ሰልጣኙ ስለሚሞላው የሪፍሌክሽን ቅጽ የሚናገሩ ናቸው። ስለ ማሰብ የተናገረ የለም።

ነገሩን በጌዴኦ ካለችው ከዲላ ከተማ ሆኖ ማየት ይበልጥ ያጠራዋል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የከተማዋ ተቋም በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን የሚያሠለጥን ኮሌጅም በከተማዋ አለ። ከዚህ ለልምምድ ወደ ጌዴኦ ትምህርት ቤቶች የሚወጣ ሰልጣኝ በሦስት ቋንቋ መካከል ይቆማል። ልጆቹ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ ያስባሉ፤ ከተማው በአማርኛ ይነጋገራል፤ ከታችኛዎቹ ክፍሎች በላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆኖ ቆይቷል። ቡና በሚለቀምባቸው ወራት ደግሞ ብዙ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ማሳ ይውላል። እዚህ የሚያስተምር ሰው ሳያስብ ሊያስተምር አይችልም።

አንድ ሰልጣኝ የክፍልፋይ መደመር አስተማረ እንበል። አንዲት ልጅ ½ እና ⅓ ደምራ 2/5 ጻፈች፤ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደመረች ማለት ነው። ሰልጣኙ በቀይ ብዕር ሰርዞ አለፈ። ማታ ሪፍሌክሽኑን ሲሞላ የሚጽፈውን ፖርትፎሊዮ ያረመ አሠልጣኝ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፦ ተማሪዎች በንቃት ተሳትፈዋል፤ ጊዜ አንሶኛል፤ ለወደፊቱ ተጨማሪ መልመጃ እሰጣለሁ።

እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በደንብ ሊነበቡ ይገባል፤ የሥርዓቱ ሕመም ያለው እነሱ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ተማሪዎች አሉ፣ ልጅቷ ግን የለችም። በሁለተኛው ጥፋቱ የሰዓቱ ሆኗል፤ ሰዓት ደግሞ አይከራከርም። ሦስተኛው መፍትሔ ነው፤ ግን የምን ችግር መፍትሔ እንደሆነ አልተነገረም። ተጨማሪ መልመጃ ልጅቷን ስህተቷን አሥር ጊዜ ከማስደጋገም በቀር ምን ያደርግላታል? የትምህርቱን ርዕስ ከክፍልፋይ ወደ ፎቶሲንተሲስ ወይም ወደ አድዋ ጦርነት ብንለውጠው ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች አንድ ፊደል አይለወጡም። ለየትኛውም ትምህርት የሚሆን ሪፍሌክሽን ስለየትኛውም ትምህርት አልታሰበበትም ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ነጥብ ይሰጠዋል፤ ዓምዶቹ ተሞልተዋልና።

አሁን አንድ ሱፐርቫይዘር ደብተሩን ገልጦ ሰልጣኙን ቢጠይቀው እናስብ። 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ያንሳል። ታዲያ ልጅቷ ግማሽ ላይ ጨምራ እንዴት ከግማሽ ያነሰ አገኘች? ይህን ራሷን ብትጠይቃት ምን ትልህ ነበር? በየትኛው ቋንቋ ትመልስልህ ነበር? በአራት ጥያቄ ሰልጣኙ ከሒሳብ ወደ ልጅቷ አስተሳሰብ፣ ከዚያም ወደ ቋንቋ ደረሰ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ክፍልፋይን ማወቅ ግድ ነው። የትምህርት ዕውቀትንና ሪፍሌክሽንን እያነጻጸሩ አንዱን ምረጡ የሚሉን ሰዎች የሳቱት እዚህ ላይ ነው። ያልያዙትን ትምህርት መመርመር አይቻልም፤ ያልመረመሩትንም ትምህርት ለልጅ ማድረስ አይቻልም።

ቅጹ ለምን እንዲህ ባዶ ሆነ? የሰልጣኙ ስንፍና ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም። ይህ አሠራር የገባው ግምገማ በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ በሰፈነበት ዘመን ነው። በግምገማ መድረክ ድክመቱን በአፉ የተናገረ ወይም በጽሑፍ ያሰፈረ ሠራተኛ ያ ቃሉ ቀን ጠብቆ ማስረጃ እንደሚሆንበት ያውቃል። መምህራን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ታዲያ ውጤቱን የሚወስነው ሰው ለሚያነበው ፋይል ‹ድክመትህን ጻፍ› የተባለ ወጣት ሰዓቱን ቢወቅስ ምን ይገርማል? ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በዚያ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በጌዴኡፋ የሰማውን የልጅ መልስ በማይደላው ቋንቋ ከመግለጽ የተለመደውን ሐረግ መገልበጥ ይቀለዋል።

ሐሳቡን የሰጡን ጸሐፊዎች ቅጽ አላዘዙም። ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው መጽሐፉ ማሰብ የሚጀምረው ሰው መውጫው ሲጠፋው፣ ግራ ሲገባው መሆኑን አስረድቷል። ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፉ በስፋት የሚተነትነው ምሳሌ ደግሞ በሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት የአንድ መምህርና የአንዲት ተማሪ ንግግር ነው። ተማሪዋ የተቸገረችበት ንድፍ በመካከላቸው ተዘርግቷል፤ መምህሩ በላዩ ላይ እየሣለ ይናገራል፣ እሷ ትመልሳለች። እኛ ከዚህ ሁሉ ወስደን ያስቀረነው ተማሪዋ ለብቻዋ ማታ የምትሞላውን ወረቀት ነው። ንድፉም መምህሩም ቀሩ።

ለጌዴኦ ደግሞ ተነጋግሮ መመርመር ባዕድ አይደለም። በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ ነገር ያለው ሰው ነገሩን ያቀርባል፤ ሌላው ይመልስለታል፤ ሽማግሌዎች ግራ ቀኙን ሰምተው እስኪስማሙ ይመካከራሉ።  ሶንጎን እንዳለ ወደ ኮሌጅ እናስገባ አልልም፤ የወንድ ሽማግሌዎች መድረክ ነው፤ ከሰልጣኞቻችን ብዙዎቹ ግን ሴቶች ናቸው። ልንወስደው የሚገባው አንድ ሕጉን ነው፤ የተናገረ ሰው መልስ ሳያገኝ አይሄድም። በቅኔ ቤትም ቢሆን ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ነግሮ ይታረማል እንጂ ፋይል አያደርገውም።

ቅጹ የማይዛቸው ጥያቄዎችም አሉ፤ በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ቀያቸውን ያጡ ልጆችን ያስተማሩ መምህራን አሉ። የትኛው የቅጽ ዓምድ ነው የእነሱን ጥያቄ የሚይዘው? እነዚህ መምህራን ከማናችንም በላይ አስበዋል፤ ያሰቡትን የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነው። ከሥልጠናችን ጉድለት ሁሉ ይህን ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ የምሟገተው ሪፍሌክሽን ይቅር ብዬ አይደለም፤ ነጥቡ ይቅር ብዬ ነው። ሰልጣኙ በሳምንት አንድ የተማሪ ደብተር ይዞ ይምጣ፤ ከአሠልጣኙና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሚቀናው ቋንቋ ይነጋገርበት፤ የተነገረው ለውጤት አይያዝበት። ይህ የሚጠይቀው ጊዜ አሁን ፖርትፎሊዮ በማረም የሚባክነው ጊዜ ነው። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ አሠልጣኙም በዚያ ክብ ተቀምጦ የራሱን ትምህርት ለጥያቄ ማቅረብ ይኖርበታል። ኤችዲፒ ሲጀመር የታሰበው ይህ ነበር። እሱን ሳናደርግ ከሰልጣኙ ሂሳዊ አስተሳሰብ መጠየቅ ያልሰጠነውን መቀበል መፈለግ ነው።