አጥንቱን ነጻ ያወጣ ሙከራ

በእስራኤል ረሆቮት ከተማ ካለው የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ባነበብኩት ቁጥር የሠሪዎቹ ጥንቃቄ ይገርመኛል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ጤነኛ ሆና የተወለደች፣ ስትሮጥና ስትጫወት ያደገች ልጅ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አከርካሪዋ ለምን ወደ ጎን ይጣመማል? ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ የሚሉት ይህ ችግር ከመቶ ታዳጊዎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይይዛል፤ በአብዛኞቹ ላይ መንስኤው አልታወቀም። መንስኤ ሲጠፋ እናት ራሷን ትከሳለች። በልጅነቷ አዝያት ነው፣ ቦርሳው ከብዷት ነው፣ ቀና ብለሽ ተቀመጪ ሳልላት ቀርቼ ነው ትላለች።

በተቋሙ የፕሮፌሰር ኤላዛር ዜልዘር ቤተ ሙከራ የአጥንት ሐኪሙ ሮነን ብሌከርና ባልደረቦቹ ጥያቄውን የያዙት ከሌላ ጫፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው አጥንቱ ወይም ጡንቻው ነበር፤ እነሱ ግን ስሜትን ጠረጠሩ። ዓይናችንን ጨፍነን ጣታችንን አፍንጫችን ላይ የምናሳርፈው አካላችን እያንዳንዱ ክፍሉ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ወሬውን የሚያቀብሉት በጡንቻ ውስጥ የተቀበሩ፣ ፈትል እንደያዘ እንዝርት ወገባቸው ወፈር ጫፋቸው ቀጠን ያለ ጥቃቅን አካላት ናቸው፤ በጅማት ላይም ሌሎች መልእክተኞች አሉ። ጡንቻው ሲሳብ ዜናው የአቋም ነርቮች በምንላቸው በኩል ኅብለ ሰረሰር ይደርሳል።

ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ እነዚህ ነርቮች ያለ እሱ የማይቆሙትን ራንክስ3 የተባለ ጂን ከአይጦች አጠፉ። አይጦቹ ለጉርምስና ሲቃረቡ አከርካሪያቸው ተጣመመ። ከዚያ በፊት የአጥንቶቹ ቅርጽ አልተበላሸም፤ የግራና የቀኝ ጡንቻም አልተበላለጠም። ብዙዎች እዚህ ላይ ሥራቸው እንዳለቀ ይቆጥሩ ነበር። ራንክስ3 ግን በሌላም የአካል ክፍል ሥራ ስላለው ጥርጣሬው አልተዘጋም። ስለዚህ ጂኑን ከኅብለ ሰረሰርና ከአንጎል ውጭ ካሉት ነርቮች ብቻ አጠፉት፤ ተጣመመ። ከስሜት ነርቮች ብቻ አጠፉት፤ ተጣመመ። በመጨረሻም ጂኑን ሳይነኩ፣ በእነዚያ የአቋም ነርቮች ውስጥ የሚያበራውን የዲኤንኤ ቁራጭ ብቻ ቆርጠው አወጡ፤ አሁንም ተጣመመ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ኢጂአር3 የተባለው ጂን የሌላቸው አይጦች እንዝርቶቹ የላቸውም፤ የጅማቱ መልእክተኞች ግን በቦታቸው አሉ። የእነዚህም አከርካሪ ተጣመመ፣ ጥመቱ ግን ቀለል ያለ ነበር። ከስሜቱ ከፊሉ ሲተርፍ ጉዳቱም ቀነሰ። ከዚህ የጠራ ማስረጃ በአንድ ሙከራ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው።

በ2020 ያው ቤተ ሙከራ መሳብን ወደ ነርቭ ምልክት የሚለውጠውን ፒዬዞ2 የተባለ ፕሮቲን መረመረ። ከአቋም ነርቮች ሲጠፋ የአይጦቹ አከርካሪም ዳሌም ተበላሸ፤ ከአጥንት ሠሪ ሴሎች ሲጠፋ ግን አጥንቱ ደህና ሆነ። አይጥ በአራት እግሩ የሚሄድ ፍጥረት ስለሆነ የልጆች ስኮሊዮሲስ ሁሉ ከዚህ መጣ ብሎ መደምደም አይገባም። ሆኖም በ2016 በአሜሪካ ፒዬዞ2 የማይሠራላቸው ሁለት ታማሚዎች ሲመረመሩ የሁለቱም አከርካሪ ተጣምሞ ተገኝቷል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩበት የቂርያት ሞሼ ሰፈር ያለው እዚያው ረሆቮት ውስጥ ነው። እዚያ ላለች እናት የሚደርሳት አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ማዘሏንም ቦርሳውንም ጥፋተኛ የሚያደርግ ማስረጃ የለም። ራሷን መክሰሷን ትታ በጊዜ ማየት ግን ትችላለች። ሳይታይ የቆየ ጥመት ምን እንደሚያደርግ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት ያከሟቸው ዶክተር ሪክ ሆደስ ያውቁታል፤ ከ2006 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወደ ጋና ለቀዶ ሕክምና ከላኳቸው ልጆች መካከል ጥመታቸው ከ100 ዲግሪ ያለፈ ይገኙበታል።

በጊዜ ከተደረሰበት ግን፣ ጥመቱ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ በሆነና ገና በሚያድግ ልጅ ላይ ኮርሴት ይሠራል። ይህም የእጅ ጥበብ ነው። በልጁ ልክ የተቀረጸው ፕላስቲክ ወደ ውጭ ከጎበጠው ወገን ይጫናል፤ በትይዩው ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ሰውነቱ የሚሸሽበት እንዲያገኝ። ባዶው ከጠበበ ጫናው ቆዳን ከማቁሰል አያልፍም። በ2013 የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት እንዳሳየው ኮርሴት ካደረጉት 72 በመቶው 50 ዲግሪ ሳይደርሱ እድገታቸውን ጨረሱ፤ በክትትል ብቻ ከቆዩት ግን 48 በመቶው። በቀን 13 ሰዓት ያህልና ከዚያ በላይ የለበሱት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ተሳካላቸው።

ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ልጅቷ ጀርባዋን ገልጣ፣ እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ መዳፎቿን አጋጥማ ወደ ፊት ታጎንብስ። ከኋላዋ ተቀምጦ ዓይንን ከጀርባዋ እኩል ማድረግ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም አዳምስ በ1865 የገለጸው ይህ ምርመራ ዛሬም የመጀመሪያው ነው። የጎድን አጥንቷ በአንድ ወገን ከፍ ካለ፣ ወይም ቆማ ሳለች ትከሻዋ ወይም ወገቧ ከተዛባ፣ ሐኪም ይያት፤ ቁመቷ ቶሎ ቶሎ በሚጨምርበት ዘመን ደግሞ በየስድስት ወሩ ይደገም።