ማንም የሚፈታው ብሎን

አሮጌ ብስክሌት ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ካምቢዮው ነው፤ ስንት አለው፣ ስንት ሊደረግለት ይችላል፣ አዲሱ ይገባለታል ወይ? እኔ ካምቢዮውን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ መቀመጫውን ከነዘንጉ ነቅዬ የዘንጉን ውፍረት እለካለሁ። የድሮ የውድድር ብስክሌት የመቀመጫ ቱቦ ብዙ ጊዜ በውጭ በኩል 28.6 ሚሊሜትር ነው። ውስጡ የሚገባው ዘንግ 27.2 ከሆነ የቱቦው ግድግዳ ስስ፣ ብረቱም የተመረጠ ነው። ዘንጉ 26 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ብስክሌቱም ለውድድር ሳይሆን ለመመላለሻ የተሠራ ነው። ቀለም ይታደሳል፣ የታዋቂ ፋብሪካ ስምም በተለጣፊ ይመጣል። የዘንግ ልክ ግን ማንንም አያታልልም።

የምሠራባት መቀሌ ይህን ብረት የምታውቅ ከተማ ናት። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ያሰለፈችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ብቻ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከብስክሌተኞቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ የገነነው ሩጫው ቢሆንም ብስክሌቱ ትግራይ ውስጥ ሥር ሰዷል። የማይጨው ልጅ ፀጋቡ ግርማይ በ2007 ዓ.ም. በጣሊያኑ ጂሮ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌተኛዋ እየሩ ገብሩ በ2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም ተወዳድራለች። ክለብ ያለበት ከተማ ከክለብ የወጣ ብስክሌት አያጣም። ተወዳዳሪው አዲስ ሲያገኝ አሮጌው ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል፤ ከወንድም ለጎረቤት፣ ከጎረቤት ለደላላ እያለ ውሎ አድሮ እኔ ግቢ ይደርሳል። ሲደርስ ዝጎ፣ ጎድሎና በየእጁ ተነካክቶ ነው።

የምሠራው ቤቴ ግቢ ውስጥ ነው። ሞርሳ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ በናፍጣ የተሞላ ጣሳና አንድ ድንብል ሲባጎ አሉኝ። ከሁሉም በላይ የሚያገለግለኝ ሲባጎው ነው። የኋላው ጎማ ከሚታሰርበት ከግራው ጫፍ አስነስቼ፣ የመሪው ቱቦ ላይ አዙሬ፣ ወደ ቀኙ ጫፍ መልሼ እወጥረዋለሁ። ከዚያ ከመቀመጫው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም እለካለሁ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። በጥቂት ሚሊሜትር ከተለያዩ ብስክሌቱ አንድ ጊዜ ወድቋል ወይም ተገጭቷል ማለት ነው፤ ባለቤቱ ቢክድም ሲባጎው ይመሰክራል። የብረት ፍሬም ከሆነ በትዕግሥት እየገፉ፣ እየለኩ፣ እንደገና እየገፉ ይመልሱታል። አሉሚኒየም ከሆነ አልገፋውም፤ አሉሚኒየም ሲታጠፍ ዝም ይላል፣ የሚሰነጠቀው ቆይቶ መንገድ ላይ ነው።

ከዚሁ ሥራ ጋር የሚሄድ አንድ ማሻሻያ አለ። ስድስት ወይም ሰባት የኋላ ጥርስ የነበራቸው የድሮ ፍሬሞች የኋላ ስፋታቸው 126 ሚሊሜትር ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡት የጎዳና ብስክሌቶች 130 ሆነዋል። ልዩነቱ በየጎኑ ሁለት ሚሊሜትር ስለሆነ የብረት ፍሬም በእጅ ኃይል ተከፍቶ አዲሱን ጎማ ይቀበላል። ከተከፈተ በኋላ ግን ሲባጎው እንደገና መወጠር አለበት፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል አይከፈቱምና። ይህን እርምጃ የዘለለ መካኒክ የሚያስረክበው፣ ነጂው እጁን ከመሪው ባነሳ ቁጥር ወደ አንድ ጎን የሚያደላ ብስክሌት ነው።

ሙያው የሚፈተንበት ቦታ ግን የፔዳሉ መሐል ነው። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኘው አግዳሚ ዘንግ የሚዞረው በፍሬሙ ሆድ ውስጥ በተጠመዘዙ ሁለት ክዳኖች ላይ ነው። በእንግሊዝ ልክ የተሠራ ፍሬም ከሆነ የቀኙ ክዳን ጥምዝ የግራ ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ ይዞራል። የጣሊያን ልክ ከሆነ ሁለቱም የቀኝ ጥምዝ ናቸው፤ የቀኙ ወደ ግራ ይዞራል። ይህን ሳይለይ ቁልፍ የጨበጠ ሰው የሚፈታ መስሎት እያጠበቀ ጥምዙን ይበላዋል። ለመለየት የግራውን ክዳን ፈትቶ መለካት በቂ ነው። የክዳኑ ጥምዝ በውጭ በኩል በእንግሊዙ 34.8 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን በጣሊያኑ 36 ነው።

የጣሊያን ልክ በዚህ በኩል አንድ አመል አለበት። ዘንጉ ሲዞር የኩሽኔታው ብዮች በክዳኑ ውስጥ እየተንከባለሉ ክዳኑን በተቃራኒው አቅጣጫ ይገፉታል። ስለዚህ የቀኙ ክዳን ቀስ በቀስ ይላላል። እንግሊዞቹ የቀኙን ወደ ግራ የጠመዘዙት ይህንኑ ለማክሸፍ ነው። በከተማችን ለዚህ ችግር የተለመደው መድኃኒት ብየዳ ነው፤ ክዳኑ ከፍሬሙ ጋር በሁለት ነጥብ ይበየዳል፣ ከዚያ ወዲያ አይላላም። እውነት ነው፣ አይላላም። ነገር ግን አይፈታምም። ውስጡ ያለው ግሪስ ደርቆ ብዮቹ ሲበሉ ሌላ መካኒክ ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለም፤ ሊታደስ ይችል የነበረ ፍሬም በሁለት ነጥብ ብየዳ ለቁራሌው ታጨ ማለት ነው። እኔ ጥምዙን በናፍጣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ጠምጥሜ አጥብቄ አስረዋለሁ። የእንግሊዝ ልክ ሆኖ ጥምዙ ፈጽሞ ከተበላም ተስፋ አልቆርጥም። ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀዳዳውን ማስፋትና ባለ 36 የጣሊያን ጥምዝ ማስወጣት ይቻላል። ብረቱ ላይ ይህን ያህል የሚበላ ትርፍ አለ።

ብየዳን የምጠላ እንዳይመስል። የተሰነጠቀ የብረት ቱቦ በጋዝና በነሐስ ሲበየድ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ የዕቃ መጫኛውንም ከፌሮ የሚሠራልኝ በያጅ ነው። የምቃወመው ወደፊት መፈታት ያለበትን ነገር መበየድን ነው። በብስክሌት ላይ የሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሊፈታው የሚችልና የማይችል። እኔ የማስከፍለው ለመጀመሪያው ነው።

ይህ አስተሳሰብ ሕግ የሆነብኝ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ነው። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ ባንኩ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ ነዳጅ ጠፋ። መኪና ያለው ሰው መኪናውን አቁሞ ብስክሌት መፈለግ ጀመረ፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ሁሉ ወረደ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ መለዋወጫ የሚባል ነገር ከውጭ አልገባም። ያኔ ማን እንደሚነዳና ማን እንደሚቆም የለየው ዋጋ አልነበረም። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያላቸው፣ አሥራ አንድ የኋላ ጥርስ ላይ የምትሮጥ ቀጭን ካቴና የሚፈልጉ ውድ ብስክሌቶች አንዲት ትንሽ ዕቃ ጎድላቸው ቆሙ። ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጥርሶቹ አሮጌዎች ዱቄትና ውኃ ተሸክመው ከተማውን አቋረጡ። ካቴናቸው ከሌላ አሮጌ ይቀጠላል፣ የፍሬናቸው ላስቲክ ከመኪና ጎማ ይቆረጣል፣ ካላማዳሪያቸው በጭነት መኪና ካላማዳሪያ ቁራጭ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲህ አንድን ዕቃ ከመግጠሜ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ዕቃ ቢሰበር የሠፈሩ ጎሚስታ ባለው ነገር ያስኬደዋል ወይ? መልሱ አይሆንም ከሆነ የገጠምኩት ዕቃ ለባለቤቱ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ካምቢዮው ልመለስ። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሜዳ ላይ ንፋሱ ይቀላል፣ ዳገት ላይ ግን ሳንባው ይከፍላል። የድሮ የውድድር ብስክሌቶች የፊት ትንሹ ጥርሳቸው ብዙ ጊዜ 42፣ የኋላ ትልቁ 23 ገደማ ነው። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 3.8 ሜትር ይሄዳል። ይህ ለሠለጠነ ተወዳዳሪ ነው። ገበያ ውላ ወደ እንዳየሱስ ዳገት ለምትወጣ ሴት የሚበጃት የኋላውን ወደ 28 ማሳደግ ነው፤ ያኔ አንዱ ዙር 3.15 ሜትር ይሆናል፣ ፔዳሉም ለእግሯ ይቀላል። አጭሩ የድሮ ካምቢዮ ከ28 በላይ እምብዛም ስለማይቀበል እዚያው ላይ አቆማለሁ። ደንበኛው የጠየቀኝ ተጨማሪ ጥርስ ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን የጥርሶቹ ብዛት ሳይሆን ትልቁ ጥርስ ነው። ይህን ማስረዳት ከሥራው የማያንስ ጊዜ ይወስዳል።

ካቴናን በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ሲያረጅ አይቀጥንም፤ ይረዝማል። አዲስ ካቴና ከፒን ፒን 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ 24 ዓይን ቆጥሬ ስለካ 304.8 ሊሆን ይገባል። 306 ከተሻገረ እቀይረዋለሁ። 308 ከደረሰ ጥርሶቹንም አብሮ በልቷቸዋል፤ አዲስ ካቴና ብቻውን ቢገባ ይዘላል። ማስመሪያ ያለው ማንኛውም ተማሪ ቤቱ ሊለካው የሚችለውን ነገር ሰዎች ለመካኒክ ብለው ማቆየታቸው ይገርመኛል።

ጎማው ላይ የማደርገው ለውጥ ከሁሉ ይበልጣል። ከክለብ የወጡት ብዙዎቹ ቸርኬያቸው ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ፣ ካላማዳሪያው ውስጡ የተሰፋ የውድድር ጎማ ነበራቸው። ለውድድር ጥሩ ነው። በኮብልስቶንና ኩርንችት በሚበቅልበት ዳር ለሚነዳ ሰው ግን፣ አንድ እሾህ በገባ ቁጥር ስፌት መተርተር ቅጣት ነው። ስለዚህ ቸርኬውን ቀይሬ ተራውን ባለ ካላማዳሪያ ጎማ እገጥማለሁ፤ የድሮውን የጎማ እንብርት ካልተበላ አልጥለውም። ቸርኬ ሲቀየር 36ቱ ሽቦዎች እንደገና ይሰካሉ፣ ይወጠራሉ። የሽቦ ውጥረት እንደ ክራር ጅማት በጆሮ ይለያል፤ በጣት ሲነካ በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ ማውጣት አለባቸው። የኋላው ጎማ ላይ የቀኝ ጎኖቹ ከግራዎቹ ቀጠን ያለ ድምፅ አላቸው፤ ጥርሶቹ ቦታ ስለወሰዱ በዚያ በኩል ሽቦው ይበልጥ ይወጠራል። ከመካከላቸው አንዱ ደንቆሮ ድምፅ ካወጣ ቸርኬው ገና ባይወላገድም ሊወላገድ ነው።

የመሪው ማስተካከያ ለማስተማር የሚቀለኝ ነው፤ ምክንያቱም የሠፈር ልጆች ቀድመው ያውቁታል። ከባጃጅ የወጣ አሮጌ ኩሽኔታ እየለመኑ ጣውላ ላይ መትተው ቁልቁለት የሚነዱትን ጋሪ የሚያዞረው የፊተኛውን እንጨት መሐል ለመሐል የያዘች አንዲት ብሎን ናት። ከጠበቀች አይታጠፍም፣ ከላላች ይንቀጠቀጣል። የብስክሌትም መሪ ጉዳዩ ይኸው ነው፤ የላይኛው ዳዶ ሲጠብቅ ብዮቹ ሳይጨነቁ፣ ሲላላ ፊተኛው ሹካ ሳይወዛወዝ ያለችውን ጠባብ ቦታ ማግኘት ነው። የፊት ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወዲያ ወዲህ ሲገፉት ቋ ካለ ይጠበቃል። ጋሪ የሠራ ልጅ ይህን ሁለቴ አይነገረውም።

አሁን አዲስ ጥያቄ መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር የሁሉም ወሬ ሆኗል፤ አሮጌ ብስክሌት ላይ ሞተርና ባትሪ ግጠምልኝ የሚል ሰው በዝቷል። ይቻላል። የኋላ ጎማ እንብርት ውስጥ ያለው ሞተር ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ የራሱን ዘንግ ወደ ኋላ ያጣምማል፤ የፍሬሙ ስስ ጫፍ ብቻውን አይችለውም፣ ዘንጉን ከፍሬሙ ጋር የሚይዝ የብረት ክንድ ያስፈልገዋል። በ12 ኪሎ ብስክሌት ልክ የተሠራው ፍሬንም ለባትሪው ክብደትና ለቁልቁለቱ ፍጥነት መጠናከር አለበት። እነዚህን ሁለቱን ለማድረግ የማይከፍል ደንበኛን እመልሰዋለሁ። ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ የራሴ ነው፤ ክንዱ፣ ባትሪውና ገመዱ ሁሉ በብሎን መታሰር አለባቸው። ባትሪው አርጅቶ ምትክ በጠፋ ቀን ባለቤቱ ሁሉንም ፈትቶ፣ የድሮውን ጎማ መልሶ፣ ፔዳል እየመታ ሥራው መድረስ ካልቻለ ያ አሮጌ ብስክሌት አልተሻሻለም፤ ዕድሜው በባትሪው ዕድሜ ልክ ተቆርጧል።