የሸክላ ጌጥ ምንጩ ከወዴት ነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ቡራዩን እንዳለፈ የገፈርሳን ውሃ ተንጣሎ ያያል። ይህ በግድብ የተጠራቀመ ውሃ በቧንቧ እየወረደ የዋና ከተማችንን ሕዝብ ማጠጣት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቧንቧ በገባበት ቤት ሁሉ እንስራ ከሴቶቻችን ጀርባ ወረደች። ወርዳ ግን አልጠፋችም፤ በአንዳንዱ ቤት ከእንግዳ መቀበያው ክፍል ጥግ ቆማ እናያታለን። የሸክላ ባለሙያ ጌጥ ለመሥራት ሐሳቡን ከወዴት ያገኛል ብለን ስንጠይቅ የመጀመሪያውን መልስ የምትሰጠን እርሷ ናት። ጌጥ የሚወለደው ከአገልግሎት ትዝታ ነው።

ይህንም ለማስረዳት ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ያለችውን ወለቃን እንመልከት። በዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ጋን፣ ጀበናና ምጣድ ሲሠሩ ኖረው፣ አገር ጎብኚ እየበዛ በሄደ ጊዜ የአንበሳና የሰው ምስል በትንሹ ይቀርጹ ጀመር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም የወለቃ ምስል ስሙ አልጠፋም። አንዳንድ ሐያሲ ይህን ሥራ «ለገበያ የተሠራ ነው» እያለ ያቃልለዋል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ጋኑስ ለገበያ የተሠራ አልነበረምን? ያው ጭቃ፣ ያው እሳት፣ ያችው እጅ ናት። እርግጥ ነው፣ ገዢ ስለ ወደደው ብቻ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ምስል ሕይወት ያጣል። ነገር ግን ጉድለቱ የመጣው ከመሸጡ ሳይሆን ሠሪው አስተውሎ ማየትን ከመተዉ ነው።

በትምህርት በኩል የመጣውም ጥበብ ከዚህ የራቀ አይደለም። የገፈርሳው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ከሚያደርስባት ከነቀምት የተወለዱት አቶ ማሞ ተሰማ፣ በአሜሪካ አገር በአልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ የሸክላን ጥበብ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የብሔራዊ ሙዚየም ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። አዲሱን የሚሠራ እጅ አሮጌውንም ሲጠብቅ ማየት ለወጣት ሠዓሊዎቻችን መልካም ምሳሌ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ብናልፍ እውነትን መሸሸግ ይሆንብናል። አገራችን ሸክላ ሠሪውን በስድብ ስትጠራ፣ «ቡዳ» እያለችም ስትሸሸው ኖራለች። ከተናቀ እጅ የወጣውን ጌጥ ማድነቅ ብቻውን ሥልጣኔ አይባልም። እንስራዋን ከቤታችን አግብተን አክብረናታል፤ የሠራቻትን ሴት ግን ከደጅ አቁመናታል።