ነጻ ከተባለች በኋላስ?

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» አይተን ስንወጣ ብዙዎቻችን የተከራከርነው ስለ ጠበቃዋ ነበር። ልጅቷን ያነሣ የለም ማለት ይቻላል። ጥፋቱ ግን የእኛ ብቻ አይመስለንም።

የታሪኩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1996 በእውን የደረሰ ነው። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ስታመልጥ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገደለችው። በፊልሙ ሂሩት ተብላለች። ያኔ የሚሠራበት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። (ቀዳዳው የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።) እንግዲህ ልጅቷ ዝም ብላ ብትቀመጥለት ኖሮ ባልና ሚስት ተብለው ይቀሩ ነበር። ተኮሰችና ነፍሰ ገዳይ ተባለች።

ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበት ትዕይንት የፊልሙ ትልቁ ሥራ ነው። አዘጋጁ ሰዎቹን አላቄላቸውም። ንግግራቸው ያማረ፣ ሥርዓታቸው የተጠበቀ ነው፤ የሚያስፈራውም ለዚሁ ነው። ትዝታ ሃገሬም ሂሩትን በዝምታ ይዛታለች፤ ዐይኗ ብቻ ይበቃል።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ካሜራው ጠበቃዋን ተከትሎ ይሄዳል። ሜሮን ጌትነት ትሮጣለች፣ ትሟገታለች፣ ከባለሥልጣን ጋር ትጋጠማለች። ሂሩት ትጠየቃለች እንጂ አትጠይቅም። «ነጻ ነሽ» ስትባል እኛ አጨበጨብን፤ ፊልሙም አለቀ። የእውነቷ ልጅ ግን ሕግ ቢለቃትም መንደሯ አልለቀቃትም፤ ወደ ወላጆቿ ቤት እንዳትመለስ ተደርጋለች። ለእኛ ዋናው ታሪክ እዚህ ጋ ይጀምር ነበር።

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ያሳገደችው ያቺው ልጅ ናት፤ አድጋ፣ ትልቅ ሴት ሆና። ታሪኬን ያለ ፈቃዴ ወሰዱት ነው አቤቱታዋ። ኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። ከእኛው መካከል «ስንቱን የሚያስተምር ሥራ በአንድ ሰው ቅሬታ ይታገዳል እንዴ?» ያሉ አሉ። ያቺ አንድ ሰው እኮ ታሪኩ ራሷ ናት! ሽማግሌዎቹም የመንደሩን ሰላም አስበው ነበር፤ እሷን ግን ማን ጠየቃት?

ለእኛ ቢተውልን ከቢሮ ምልልሱ ጥቂት ቀንሰን፣ ከፍርዱ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ማታ እናይ ነበር። ልጅቷ ዘመድ በሌላት ከተማ፣ በሰው ቤት። ጎረቤቷ «የማን ልጅ ነሽ? ከየት መጣሽ?» ስትላት ምን ብላ ትመልሳለች?