ትንሽ ቀዳዳ የሚከፍት እጅ

እንጦጦ ላይ ከፈረስ አከራዮች መካከል ጥቂት ለቆመ ሰው፣ ስለ ፈረስ መልክ የማያወራ የለም። ዳማው፣ ቡላው፣ አምባላዩ እየተባለ ጋማው ይደነቃል፣ ኮርቻው ይወደሳል። የሰኮና ወሬ የሚጀመረው ግን ማታ ደህና የገባው ፈረስ ጠዋት አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ሲገኝ ነው። ያኔ ሁሉም አዋቂ ይሆናል። አንዱ «ተሰብሯል» ይላል፤ ሌላው «ትከሻው ወልቋል» ይላል፤ «ዓይን ነው» የሚልም አይጠፋም። እግሩ የሚሰበር ፈረስ አለ፣ አልክድም። ድንገት በሦስት እግሩ የቆመ ፈረስ ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከታች ነው፤ ሰኮናው ውስጥ መግል ቋጥሯል።

እንዲህ ያለውን ሰኮና ማከም ጥሩ እጅና መጥፎ እጅ ቁልጭ ብለው ከሚለዩባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ክፋቱ፣ መጥፎው እጅ ከጥሩው የበለጠ የሠራ ይመስላል። ያልበዋል፣ ይቆፍራል፣ ደም ያሳያል፣ መርፌ ይወጋል። ጥሩው እጅ አብዛኛውን ጊዜ በማየትና በመዳሰስ ያሳልፍና አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ይሄዳል። ባለ ፈረሱም «ለዚህ ነው ይህን ያህል የጠየቀኝ?» ይላል። ይህ ጽሑፍ አጠገብ ቆሞ ለሚያየውና ለሚከፍለው ሰው ነው።

ሕመሙ ለምን እንደሚከፋ በጥፍሩ ሥር መግል ይዞት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ጥፍር አይለጠጥም፣ መግሉ ቦታ ያጣል፣ ግፊቱ እንቅልፍ ይነሳል። ፈረስ ደግሞ ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው በዚያ ጥፍር ላይ ነው። መንገዱን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ የሰኮናው ግድግዳና መርገጫው የሚገናኙበት ነጭ መስመር ነው። ክረምት ሰኮናውን ያረጥባል፣ ያለሰልሳል፤ በጋው መልሶ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። በተከፈተችው ስንጥቅ ጠጠርና ጭቃ ይገባል፣ ተከትሎም ተዋሲያን ይገባሉ። በየካ በኩል ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ጉራራና ወደ ላይ ወደ ተራራው የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ያሰምጣል፣ ጥቅምት ላይ ያው ጭቃ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቶ ፈረስ መጋለብ የከተማው ሰው መዝናኛ ከሆነ ወዲህማ ሰንበትና በዓል ለፈረሱ ዕረፍት መሆኑ ቀርቷል።

የባለሙያው ማንነት ቢላዋ ከመውጣቱ በፊት ይታወቃል። ጥሩው መጀመሪያ ፈረሱ ሲራመድ ማየት ይፈልጋል፤ መራመድ ከቻለ። ጠንካራና ደልዳላ መሬት ይመርጣል፣ ሣር ላይ አያስኬድም። ከሁሉም በላይ ገመዱን የያዘውን ልጅ «ላላ አድርገህ ያዝ» ይለዋል። ይቺ ትንሽ ትእዛዝ ለእኔ ትልቅ ምስክር ናት። ከፊት እግሮቹ አንዱን የታመመ ፈረስ ያ እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ገመዱ አገጩ ሥር ተጨምድዶ ከተያዘ ግን ራሱን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ምስክሩ አፉ ተዘጋ ማለት ነው። ልጓሙን አንቀው ይዘው «የትኛው እግሩ እንደሆነ አልታይ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ መዳሰስ ነው። የእጁን ጀርባ በአንዱ ሰኮና ላይ፣ ከዚያም በሌላው ላይ አሳርፎ ሙቀታቸውን ያወዳድራል። ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ ሁለት ጣቱን አሳርፎ የደም ትርታውን ይፈልጋል። በጤነኛ እግር ላይ ትርታው በጭንቅ ይገኛል፤ መግል በያዘው ላይ ጣትን ይመታል። ሁለቱም የፊት እግሮች ከጋሉ፣ ፈረሱም ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ከቆመ፣ ነገሩ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ጥሩው ሰው እዚያው ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። ከዚያ ሰኮናው ይጠረጋል፣ ይታጠባል። ባልታጠበ ሰኮና ላይ ቢላዋ የሚያሳርፍ ሰው ካዩ ፈረስዎን ይዘው ይሂዱ።

ሰኮናውን እየተጫነ የሚፈትሸው ጉጠት የሚወጣው አሁን ነው። ጥሩ እጅ የሚጀምረው ከደህናው እግር ነው፤ ያ ፈረስ ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚደነግጥ አስቀድሞ ለማወቅ። ከዚያ በታመመው ላይ ከአንዱ ተረከዝ ወደ ሌላው ጥቂት ጥቂት እየተራመደ በእኩል ኃይል ይጫናል። ፈረሱ እግሩን ሲነጥቀው እሰይ ብሎ አያቆምም፤ አልፎት ይሄድና ተመልሶ እዚያችው ቦታ ላይ ይጫናል። ሁለት ሦስት ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ከተንዘፈዘፈ ነገሩ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ዘሎ ወደ ትከሻው የሚሄድ ሰው አለ። በብዙ የአገራችን ክፍል ያነከሰ ፈረስ ትከሻው ወይም ቅልጥሙ ላይ በጋለ ብረት ይተኮሳል። በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ መግሉ ራሱ መንገድ ፈልጎ ሰኮናውና ፀጉሩ በሚገናኙበት ጠርዝ በኩል ይፈነዳል፣ ፈረሱም መራመድ ይጀምራል። ምስጋናው ግን ለብረቱ ይሆናል። ትከሻው ላይ የመስመር ጠባሳ ያለበት ፈረስ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምመለከተው እታች ሰኮናውን ነው።

ወደ ቢላዋው እንምጣ። የተሳለ መሆኑ ግድ ነው፤ የደነዘ ቢላዋ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት የበዛበት እጅ ደግሞ የት ላይ እንደሚቆም አያውቅም። ጥሩ እጅ ስስ ስስ አድርጎ ይልጣል። በመርገጫው ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ። አብዛኞቹ የቆሻሻ ምልክት ስለሆኑ በአንድ በሁለት ልጠት ይጠፋሉ። አንዷ ግን አትጠፋም፤ በተላጠች ቁጥር ወደ ውስጥ ትሸሻለች። ሙያው እሷን ተከትሎ መሄድ ነው፤ ሌላውን ደህና ሰኮና ሳይነኩ፣ በተቻለ መጠን ከነጩ መስመር ሳይርቁ። በዳር በኩል የተከፈተ ቀዳዳ መግሉን ወደ ታች በደንብ ያፈሳል፣ ሲድንም ቶሎ ይጠነክራል። በመርገጫው መሐል የተከፈተ ግን በየእርምጃው ይረገጣል።

በአንድ ክረምት ማለቂያ ላይ ጉራራ በላይ በኩል አንድ ሽማግሌ እንዲህ ሲሠሩ አይቻለሁ። ፈረሱ ቡላ ነው፣ የኋላ ቀኙን ይዘውበታል። ባለቤቱ ጎረምሳ ቀኑ ሰንበት በመሆኑ ገበያው አምልጦት ይቁነጠነጣል።

«ጋሼ፣ ሰፋ አድርገው ይክፈቱትና አንዴ ይገላገል እንጂ!»

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ የጠበበውን ማስፋት እችላለሁ፤ ያሰፋሁትን ማጥበብ ግን አልችልም» አሉት።

ከጥቂት ልጠት በኋላ ጥቁር ግራጫ ውኃ መሰል ነገር በቀጭኑ ፊጭ አለና የቢላዋውን አንገት አራሰው። ሽታው ቆመን የምናየውን ሁሉ ወደ ኋላ አስባለን። ቀዳዳዋ ከ1 ሳንቲ ሜትር አትሰፋም። ደም አልነበረም። ቡላው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፣ ሽማግሌውም ቢላዋውን ጠርገው አስቀመጡ፤ አንዲት ልጠት እንኳ አልጨመሩም።

ብዙ ሰው መግል ሲባል ወፍራም ቢጫ ነገር ይጠብቃል። የሰኮና መግል ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ነው፤ ማስረጃው ሽታው ነው። ደም ከፈሰሰ ቢላዋው ሕያው ሥጋ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ሥጋው ሰፊ ቀዳዳ ካገኘ በዚያ በኩል አብጦ ይወጣል፤ በቀናት ሊድን የነበረው ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ፣ ፈረሱ እፎይ ካለ፣ መሬቱ ላይም ደም ከሌለ ክፍያዎን በደስታ ይክፈሉ።

ነጥቡ ካልተገኘስ? እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚፈተነው። ጥሩ እጅ አላገኘሁም ብሎ ያቆማል። እግሩን ኢፕሰም ጨው በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ ይዘፈዝፋል፣ እርጥብ ነገር አሽጎ ይጠቀልላል፣ ነገ ይመለሳል። ሰኮናው ሲለሰልስ መግሉ ወደ ላዩ ይቀርባል፤ ዛሬ የተደበቀው ነጥብ ነገ ይወጣል። ይህም ቢሆን ልክ አለው፤ እርጥቡ ከሁለት ከሦስት ቀን ካለፈ ሰኮናው በጣም ይላላና ለሌላ መግል በር ይከፍታል። መግሉ ፈስሶ ካበቃ በኋላ ደረቅና ንጹሕ ማድረግ እንጂ መዘፍዘፍ የለም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈስበት ሰውማ ጭራሽ አይጠጋ።

ጥቅልሉም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። ከውስጥ ንጹሕ ጥጥ፣ በላዩ ጨርቅ፣ ከውጭ ጭቃ የማያስገባ ፕላስተር ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ። ዕቃው ርካሽ ቢሆን ግድ የለኝም፤ የማየው ላይኛው ጠርዙን ነው። ፀጉሩ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ጣት የማያስገባ ጥቅልል ደም ያግዳል። ፈረሱ በማግስቱ ጥቅልሉን ጥሎት ከተገኘ ደግሞ ጠቅላዩ ቸኩሏል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ስለ መርፌ። ባለ ፈረስ መርፌ ይወዳል፤ ያልወጋ ሐኪም የሠራ አይመስለውም። መግል በአንድ ቦታ ታጥሮ ሳለ አንቲባዮቲክ ውስጡ በደንብ አይደርስም፣ መግሉ ከፈሰሰ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። እብጠቱ ወደ ላይ ቅልጥሙን ከያዘ ወይም ጉዳቱ ጥልቅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ማስታገሻም ቢሆን ቦታው ከተገኘ በኋላ ምሕረት ነው፤ ሳይገኝ ተሰጥቶ ፈረሱ ለኪራይ ከወጣ ግን መደበቂያ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለሰው ብቻ አይመስለኝም። የማይቀረው መርፌ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ነው። ፈረስ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከሚጠቁ እንስሳት አንዱ ነው፣ ተዋሲያኑም አፈርና ፋንድያ ውስጥ ይኖራሉ። ማንም ሳይጠይቀው «ክትባት ወስዷል ወይ?» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት አይልቀቁት።

አልችልም የሚልበትን ቦታ ማወቁም ከሙያው ይቆጠራል። ሚስማር ከመርገጫው መሐል ከገባ፣ በተለይ ከተረከዙ ተነስቶ ወደ ፊት እየሾለ በሚሄደው ለስላሳ ክፍል ውስጥ ወይም አጠገብ፣ ከላዩ ጅማትና መገጣጠሚያ አለ። ጥሩ እጅ እንደ ጀግና መዝዞ አያሳይም። ከተቻለ ሚስማሩ በቦታው እንዳለ ራጅ ይነሳል፤ ካልተቻለ የገባበት ቦታ፣ አቅጣጫና ጥልቀት ምልክት ተደርጎ ይወጣና በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይኬዳል። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከየካ ቢርቅም፣ እንዲህ ላለው ጉዳት መንገዱን መቁጠር አያዋጣም።

የሙያው ባለቤቶች ስማቸው ብዙም አለመነሳቱ ይገርመኛል። ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል፤ አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው። እዚሁ የካ ውስጥ በቤተ መንግሥት የፈረስ አለቃ ማዕረግ የሚጠራ ባልደራስ የሚባል ሰፈር አለ። የእንግሊዝ ለጋሲዮን እዚሁ ሲቆረቆር መልእክተኛው ወደ ግቢ የሚወርደው በፈረስ ነበር። የእነዚያን ሁሉ ፈረሶች ሰኮና ማን እንደያዘ ግን የጻፈልን የለም።

ያለፈ ሥራን የሚፈርድ ሌላ ምስክር ሰኮናው ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ፈረስ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል። መግሉ በላይኛው ጠርዝ በኩል ፈንድቶ ከነበረ በግድግዳው ላይ አግድም ስንጥቅ ይቀራል፣ ከሰኮናው ጋርም ወደ ታች ይወርዳል። የፈረስ ሰኮና በወር 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ በወጉ አያድግም። ስንጥቁ ከፀጉሩ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከታየ ነገሩ የሆነው ከሦስት ወር በላይ ነው። ሻጩ «ታሞ አያውቅም» ካለ ጣትዎን እዚያ ላይ አሳርፈው ዝም ይበሉ። አንድ ስንጥቅ ነውር አይደለም። በአንዱ ሰኮና ላይ ሁለት ሦስት ተደራርቦ ከታየ ግን ዋጋው መውረድ አለበት፤ ወይ ሰኮናው ደካማ ነው፣ ወይ ያከመው ሰው።

በደንብ የፈሰሰ መግል በማግስቱ ይታወቃል፤ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ፈረሱ እግሩን ማሳረፍ አለበት። ካላሳረፈ ሌላ ኪስ ቀርቷል ወይም በሽታው ሌላ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ሥራውን ያውቃል። ስለዚህ ዋጋ ሲነጋገሩ የቀዳዳውን ብቻ አይነጋገሩ፤ በማግስቱ ተመልሶ ጥቅልሉን መፍታቱን ጨምረው ይዋዋሉ፣ የክፍያውንም ግማሽ ለዚያ ቀን ያቆዩ።