ሠንጠረዡን ጠብቆ የታመመው ጠላቂ

የአየር ጋን ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚጠልቅ ሰው፣ ከታች ሳለ የውሃው ግፊት ናይትሮጅንን ወደ ደሙና ወደ ሥጋው ያስገባበታል፤ ፈጥኖ የወጣ እንደ ሆነ ጋዙ አረፋ እየሠራ መገጣጠሚያውን ያሳምመዋል፤ ሲብስም ኅብለ ሰረሰሩን ጐድቶ ሽባ ያደርገዋል። ይህን ለመከላከል የተዘጋጁት ሠንጠረዦች መሠረታቸው፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1908 ቦይኮት፣ ዳማንትና ሐልዴን በእንግሊዝ አገር ያሳተሙት ጥናት ነው።

የጥናቱን ታላቅነት አንክድም። ሰውነትን ጋዝ በተለያየ ፍጥነት በሚቀበሉ 5 ክፍሎች ከፍሎ አሰላ፤ ጠላቂውም በየደረጃው እየቆመ እንዲወጣ አስተማረ። ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስ ጉዳት አይደርስም የሚለው ደንቡ ግን ለሁሉም ክፍል የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ በኋላ ታርሟል።

የእኛ ነቀፌታ በስሌቱ ላይ ሳይሆን፣ ቍጥሩን እንደ ዋስትና በሚያነቡት ላይ ነው። ለጥናቱ ከቀረቡት ፍየሎች መካከል፣ በአንድ ዐይነት ግፊት እኩል ጊዜ ቈይተው አንዱ የፊት እግሩን አንሥቶ ሲያነክስ ሌላው ደኅና ነበር። እንግዲህ ልዩነቱ ከመሠረቱ የታየ ነው።

ምክንያቶቹም ብዙ ናቸው። ከታች ሲሠራ ሞቆት ሲወጣ የበረደው ሰው፣ በሙቀቱ ብዙ ጋዝ ተቀብሎ በብርዱ ጊዜ ሊያስወጣው ይቸገራል። ደግሞም ከ4 ዐዋቂዎች በ1ዱ ያህል፣ በላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል በፅንስነት የነበረው ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል፤ ሳንባ ሊያስቀራቸው የሚገቡ አረፋዎች በዚያ ሾልከው ሊያልፉ ይችላሉ። ሆኖም ቀዳዳው ካለባቸው ጠላቂዎች አብዛኞቹ አይታመሙም። ያው ሰው እንኳ ትናንት በደኅና በወጣበት ጥልቀት ዛሬ ሊታመም ይችላል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጠላቂዎች ደንብ ጠብቆ የታመመውን ሰው ሕመም «የማይገባው» ይሉታል። ይህ አነጋገር ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ ሌሎቹን በሽተኞች ጥፋተኞች ያደርጋል፤ ደንብ ጠባቂውንም «እኔ ልታመም አልችልም» አሰኝቶ ሕመሙን ያስደብቀዋል። ኦክሲጅንና የግፊት ክፍል ግን ይበልጥ የሚረዱት ቶሎ ለደረሰ ሰው ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ይጠበቅ እንላለን፤ አደጋውን ይቀንሳልና። ነገር ግን ከውሃ ወጥቶ ክንዱ የደነዘዘበትን ሰው ከመጠየቃችን በፊት ሠንጠረዡን ማገላበጥ አይገባንም፤ ምስክሩ ሰውነቱ ነው።