ፔኒሲሊን «ተአምር» ነበር እንዴ?

የፔኒሲሊንን ታሪክ እንዴት ነው የሰማችሁት? ፍሌሚንግ፣ ሻጋታ፣ 1928 እ.ኤ.አ.፣ አለቀ። ኤሪክ ላክስ በ2004 ያሳተመው «ሻጋታው በዶክተር ፍሎሪ ኮት ላይ» ግን ዋናውን ነገር የሚጀምረው ብዙዎቻችን ከምናቆምበት ነው፤ ፈልጋችሁ አንብቡት። ርዕሱ የእውነት የሆነ ነገር ነው፦ በ1940 ጀርመን እንግሊዝን ትወራለች ተብሎ ሲፈራ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የሻጋታውን ዘር ኮታቸው ላይ አሹት፤ ቢሰደዱ እንኳ እንዳይጠፋ።

ለኔ የመጽሐፉ ጀግና ኖርማን ሂትሊ ነው። ፔኒሲሊን ደካማ አሲድ ነው። ሻጋታው ያደገበት ፈሳሽ አሲድ ሲጨመርበት ፔኒሲሊኑ ውሃውን ትቶ ወደ ኤተር ይገባል። ከኤተሩስ እንዴት ይውጣ? ኤተሩን ትንሽ አልካላይን ከሆነ ውሃ ጋር አዋህዱት፣ ተመልሶ ይመጣል አለ ሂትሊ። ሁሉም በቅዝቃዜና በጥድፊያ ነው፤ አሲድ ውስጥ ከቆየ ይበላሻላ። ዛሬም ፋብሪካዎች በኤተር ፈንታ ሌላ አሟሚ ይጠቀሙ እንጂ መርሁ ያው ነው።

ግን መጠኑ! ሻጋታው የሚበቅለው የበሽተኛ ፖፖ በሚመስል የሸክላ ዕቃ ነበር። በ1941 አልበርት አሌክሳንደር የተባለ ፖሊስ መዳን ሲጀምር መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ እየለዩ መልሰው ሰጡት። አልበቃም፤ ሞተ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። የመጽሐፉ ንዑስ ርዕስ «የፔኒሲሊን ተአምር» ይላል፤ ልቡም ኦክስፎርድ ቀርቷል። ያንን ሰው የገደለው የግኝት እጥረት ነው? አይደለም፣ የሊትር እጥረት ነው። ሊትሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ፒዮሪያ ላይ የበቆሎ ስታርች ፋብሪካ ተረፈ ምርት ለሻጋታው ምግብ ሆነ፤ መጋቢት 1944 ፋይዘር ብሩክሊን ውስጥ እያንዳንዳቸው 28,000 ሊትር ገደማ የሚይዙ 14 ታንኮችን ሥራ አስጀመረ። ሻጋታ አየር ይፈልጋል፤ ታንክ ውስጥ ሲሰምጥ ከጀርም የጸዳ አየር ከሥር መንፋት፣ ሳያቋርጡ ማማሰል፣ አረፋውን መግታት ግድ ነው። እናቶቻችን የጠላ ጋን በወይራ የሚያጥኑት ለምንድን ነው? እዚህ ደግሞ ይብሳል፤ ሾልከው የገቡ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ካላቸው የታንኩ ምርት በሙሉ ይደፋል። ይህን የፈቱት እንደ ማርጋሬት ሃቺንሰን ያሉ ኬሚካል መሐንዲሶች ናቸው። እኔ ብሆን አንድ ሙሉ ምዕራፍ እሰጣቸው ነበር (መሐንዲስ ስለሆንኩ አዳላሁ በሉኝ)።

የ1945ቱን ኖቤል ፍሌሚንግ፣ ፍሎሪና ቼይን ተካፈሉት። ሂትሊ ከኦክስፎርድ የክብር ዶክትሬት ያገኘው በ1990 ነው።